«ዘር ማጥፋት» የሚለው ስያሜ በታሪክ ክፍል ክርክር ውስጥ

በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተደረገ የታሪክ ክርክር ላይ ይህ ጸሐፊ በታዛቢነት ተገኝቶ ነበር። የቀረበው ጥያቄ «ቀይ ሽብር ዘር ማጥፋት ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው። «አይደለም» ያለው ወገን ያሸነፈው በታሪክ ማስረጃ ሳይሆን በቃሉ ነበር። ገዳይና ሟች ብዙ ጊዜ የአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት ልጆች ስለ ነበሩ፣ በመካከላቸው የዘር ነገር አልነበረም አሉ። የአያቷ ወንድም በ1970 ዓ.ም. የተገደለባት አንዲት ተማሪ ተነሥታ «ታዲያ የእርሱ ሞት ስሙ ምንድን ነው?» ብትል መልስ የሰጣት አልተገኘም። ጥያቄዋ ከመምህሩ ይልቅ የሚመለከተው ቃል መርጠን ያቀረብነውን እኛን ነው።

ራፋኤል ሌምኪን የተባለው የፖላንድ አይሁዳዊ የሕግ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ «ጄኖሳይድ»ን ሲፈጥር፣ «ጌኖስ» የሚለውን የግሪክ ቃል መግደልን ከሚያመለክት የላቲን ቅጥያ ጋር አጣመረ። አማርኛው «ጌኖስ»ን «ዘር» አለው። «ዘር» ግን በመጀመሪያ የሚዘራው እህል ነው፤ ቀጥሎ «ዘር ማንዘር» እንደሚባለው ልጅና የልጅ ልጅ፤ በመጨረሻም በትውልድ የሚቆጠር ወገን። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የሚጠብቃቸው ቡድኖች አራት ናቸው፤ ብሔራዊ፣ የጎሣ፣ የዘርና የሃይማኖት። እንግዲህ በአማርኛ «ዘር» የወንጀሉ ጠቅላላ ስም ሆኖ ሳለ ከአራቱ ዓይነቶች የአንዱም ስም ሆኗል። በእንግሊዝኛው ሁለቱ ቃላት የተለያዩ በመሆናቸው ይህ ችግር አይታይም። የእኛ ተማሪ ግን ስሙን ሰምቶ ሦስቱን ይጥላል።

የፖለቲካ ቡድን ነገር ከዚህም የጠለቀ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳለፈው ውሳኔ የፖለቲካ ቡድኖች ተጠቅሰው ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በጸደቀው ስምምነት ግን አልገቡም። ከተቃወሙት አገሮች ሶቪየት ኅብረት አንዷ ነበረች፤ ብቻዋን ግን አልነበረችም። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ከአገሮች ሁሉ ቀድማ አጸደቀች። በ1949 ዓ.ም. ባወጣችው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ደግሞ ስምምነቱ የተወውን የፖለቲካ ቡድን ጨመረች፤ የ1996ቱም የወንጀል ሕግ ይህንኑ ጠብቋል። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ያላቸው በዚሁ አንቀጽ 281 መሠረት ነው። ስለዚህ በክርክሩ ያሸነፈው ወገን በዓለም አቀፉ ስምምነት ቢረታ እንኳ በአገሩ ሕግ ተረቺ ነው። መምህሩ «በየትኛው ሕግ?» ብሎ ቢጀምር ኖሮ ክርክሩ መልክ በያዘ ነበር።

«ማጥፋት»ም ያሳስታል፤ የተፈጸመ፣ ምንም ያልተረፈለት ነገር ያስመስላል። ስምምነቱ የሚጠይቀው ግን ቡድኑን «በሙሉ ወይም በከፊል» የማጥፋት ሐሳብን ነው። ከዘረዘራቸው አምስት ድርጊቶች ሁለቱ፣ ማለትም ወሊድን መከልከልና ልጆችን በግድ ወደ ሌላ ቡድን ማዛወር፣ አንድም ሰው ሳይገደል ይፈጸማሉ። (እዚህ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእኛ «ዘር» ከ«ጌኖስ» ይልቅ ነገሩን ይገልጠዋል።)

ጎረቤቶቹም ቃላት መለየት አለባቸው። «እልቂት» ከ«አለቀ» የወጣ ስለሆነ አድራጊ አያሻውም፤ ረኃብም ወረርሽኝም እልቂት ያመጣል። «ፍጅት» ፈጂ አለው። «ጭፍጨፋ» የአገዳደሉን ሁኔታ እንጂ የገዳዩን ሐሳብ አይናገርም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የፈጸሙትን «ጭፍጨፋ» ማለት ለምደናል። የሌምኪን ቃል ያን ጊዜ አልተፈጠረም ነበር፤ ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ ቃሉን ቀደም ብሎ ለተፈጸመው ለአርመኖች እልቂት ተጠቅሞበታል። የካቲት 12ን በዚህ መለኪያ ማየት ለተማሪ ከቀይ ሽብር ያላነሰ የክርክር ርእስ ነው፤ እዚያ የሚፈተነው የቡድኑ ዓይነት ሳይሆን የገዳዩ ሐሳብ ነውና።

«ጄኖሳይድ»ን እንዳለ እንዋስ የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ይህ ጸሐፊ አይስማማም፤ ተማሪዋ የጠየቀችው በአማርኛ ነው። ይልቅ በሚዘጋጀው መዝገበ ቃላት «ዘር ማጥፋት» በሚለው ርእስ ቃል ሥር የስምምነቱ ፍችና የአገሩ ሕግ ፍች በየራሳቸው ቁጥር ይግቡ፤ በሁለተኛው ሥር «የፖለቲካ ቡድንንም ይጨምራል» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ «እልቂት»ንም ወደዚህ ርእስ በ«ተመልከት» መምራት ይቅር።