ጭሱ ደረጃው ላይ ሲደርስ

እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ በጀርመን ዱሰልዶርፍ ከተማ አንድ ጡረተኛ ቤቱን ባስቸኳይ እንዲለቅ ደብዳቤ ደረሰው። በዚያ ቤት 40 ዓመት ያህል ኖሯል። የተከሰሰው በኪራይ ውዝፍ አልነበረም፤ በሲጋራ ነው።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ለአከራይ ወገን ፈረደ። ይግባኝ ሰሚውም በ2014 አጸናው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ልቀቅ ተባለ። ጉዳዩ ጀርመንን ለሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን «ሰው በገዛ ቤቱ ካላጨሰ የት ሊያጨስ ነው?» ሲል፣ ሌላው «ቤቱ የእሱ መቼ ሆነና? የተከራየው እኮ ነው» ይል ነበር። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ግን ሰውየው የተፈረደበት በማጨሱ አለመሆኑን ነው። ክርክሩ ያተኮረው መስኮት አይከፍትም፣ የሲጋራ መተርኮሻውን አይደፋም፣ ስለዚህ ጭሱ በበሩ እየወጣ የጋራ ደረጃውን ይሞላዋል በሚለው ላይ ነበር። ነገሩ ሁሉ ተጨምቆ አንድ መስኮት ላይ ደረሰ ማለት ነው።

የካቲት 2015 ካርልስሩሄ የሚገኘው የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ለሰውየው አዝኖ አይደለም። የሥር ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን በቅጡ አልመረመረም፤ ጭሱ በእርግጥ ምን ያህል ነበር? ማን ሸተተው? መቼ? ይህ ይጣራ ብሎ መለሰው። ምስክሮች እንደገና ተሰሙ፣ ቃላቸው ተጋጨ። መስከረም 2016 ጡረተኛው ረታ፤ ከቤቱም አልወጣም። ሽታን በምስክር ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ይኸው ፍርድ ቤት ከዚያ በፊትም በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተናግሮ ነበር። በ2006፣ ውሉ ካልከለከለ በተከራዩት ቤት ውስጥ ማጨስ በራሱ ውል ማፍረስ አይደለም አለ። በ2008 ደግሞ ወሰን አበጀለት፦ ቢጫ የሆነው ግድግዳ ቀለም በመቀባትና ወረቀት በመለጠፍ ብቻ የማይጸዳ ከሆነ፣ ተከራዩ ካሳ ይከፍላል። አከራዮች ይህን ያህል ያተረፉት ከረጅም ሙግት በኋላ ነው።

ጎረቤትስ? በብራንደንቡርግ ግዛት ፕሬምኒትስ በምትባል ከተማ፣ የላይኛው ፎቅ ባልና ሚስት ከሥራቸው ባለው በረንዳ የሚያጨሱትን ተከራዮች ከሰሱ። ጥር 2015 የተሰጠው ውሳኔ አንዳንዱን አስቆ ነበር፦ ጭሱ በእርግጥ የሚያውክ ከሆነ ሰዓት ይከፋፈሉ፤ የማይጨስበት ሰዓት ይኑር፣ የሚጨስበትም ይኑር። ነገሩ የቧንቧ ውሃ ወረፋ ይመስላል። ቢሆንም ሁለቱም ተከራይ በሆኑበት ቤት አንዱን ከአንዱ አስበልጦ ለማየት የሚያበቃ ምክንያት አልነበረም፤ ዳኞቹ ልክ ነበሩ።

የዚህ ሁሉ ሥር የቆየ ነው። ከ1900 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንዱ ይዞታ ወደ ሌላው ስለሚያልፍ ጋዝ፣ ሽታ፣ ጭስና ጥላሸት በስም ጠርቶ ይደነግጋል። የሚገርመው፣ ከ60 ዓመት በኋላ በፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ አርቃቂነት የወጣው የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1225 ተመሳሳይ ቃል አለው። ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ድምፅ በጎረቤቱ ላይ ማድረስ አይችልም ይላል። ወሰኑ የቱ ጋ ነው? የአካባቢው ልማድ ይታያል። ያን ጊዜ ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሲጋራ በዓይነ ሕሊናቸው የታያቸው አይመስልም፤ የማድ ቤት ጭስ እንጂ።

አሜሪካኖች በሌላ በር ገቡ። የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤታቸው በ2016 መጨረሻ ባወጣው ደንብ፣ በመንግሥት የኪራይ ቤቶች ውስጥ ሲጋራ፣ ፒፓና ሺሻ ተከለከለ፤ ከሕንፃው 25 ጫማ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ፣ መራቅም ግድ ሆነ። እስከ ሐምሌ 2018 በመላ አገሪቱ እንዲተገበር ተደረገ፤ ከ940 ሺህ በላይ ቤቶችን ይመለከታል። ክልከላው የኪራይ ውሉ አካል ስለሆነ ዳኛ ስለ መስኮትና መተርኮሻ መመርመር አይጠበቅበትም። የአጫሾች መብት ተሟጋቾች ከሰው በይግባኝም ተሸነፉ። ነገር ግን ደንቡ የሚነካው ድሃውን ተከራይ ነው። በግል ሕንፃ በውድ የሚከራየው ሰው ነገሩ ከአከራዩ ጋር ባለው ውል ይወሰናል። ዊልቸር ላይ ያሉ አዛውንት ግን በክረምት በረዶ ሰባት ሜትር ተኩል ርቀው ውጭ ያጨሳሉ። ጤናን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ሸክሙ አቅም የሌለው ላይ ብቻ ሲያርፍ ግን ያስተዛዝባል።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን መሰል ነገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ፍርድ ቤት አይደርስም ነበር። አከራይዋ ሽታው ካስመረራት «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ትላለች፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ልጁ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዋና ትኩረቱ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ቤቶችና የሥራ ቦታዎች ናቸው፤ የሳሎኑ ነገር ለውል የተተወ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አዘዘ። ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነው። ለአከራይዋ ግን «ልጄ ሊመጣ ነው» እንደ ድሮው አይሠራላትም፤ ካሁን በኋላ ስለ ጭሱ በስሙ ጠርታ መነጋገር አለባት፣ ያውም ከመፈራረሟ በፊት።

ውሎቹ ግን የሚያወሩት ስለ ብር፣ ስለ መብራትና ስለ ውሃ ነው። ሲጋራ የለበትም። ክርክር ቢነሳ ዳኛው ወደ 1225 ተመልሶ የአካባቢውን ልማድ ሊጠይቅ ነው፤ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ደረጃው ሁሉ በሚታወድበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ «ጭስ ነውር ነው» ማለት አይቻልም። ጥንቃቄ ያላቸው አንዳንድ አከራዮች «ቤት ውስጥ አይጨስም፤ በረንዳ ላይ ይቻላል» የሚል መስመር ማስገባት ይችላሉ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ግን በዚያ ውል ላይ አልፈረመም።