ለወንበሩ የሚገጠም ግጥም

ጥብቅ የግጥም ሕግ ስሜትን ያፍናል፣ ለሽልማት ሲገጠምበት ደግሞ ጭራሹን ነፍስ ያሳጣል የሚሉ ብዙ ናቸው። የዌልስ ታሪክ ለዚህ ሙግት አይመችም። እዚያ ግጥም ከመሳፍንት አዳራሽ ወጥቶ የሕዝብ ሊሆን የቻለው፣ በእኔ እምነት፣ ማንም ሊለካበት የሚችል ሕግ ስለነበረው ነው። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ መወድስ በስምንት ቤት እንደሚቆም ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። የእኛ የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ ጫፍ ሲሆን፣ ዌልሶች ከንግሃነድ የሚሉት ሕግ ግን ወደ ስንኙ ሆድ ይገባል፤ በዋናው ዓይነቱ በመጀመሪያው አጋማሽ የተሰለፉት ተነባቢዎች በሁለተኛው አጋማሽ በዚያው ቅደም ተከተል መመለስ አለባቸው። ኤንግሊን የተባለው አጭር ግጥም ደግሞ በዚህ ላይ 30 ቀለማት በአራት ስንኞች፣ 10፣ 6፣ 7 እና 7 ሆነው ይደለደሉበታል። ስህተቱን ጆሮ ይይዘዋል፤ ዳኛው ቢያዳላ እንኳ አድማጩ ያውቃል።

ሕጉ የተዘጋ በር ሆኖ አገልግሏል የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት አለው። በ1176 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው) መስፍኑ ሪስ በካርዲጋን ለገጣሚና ለሙዚቀኛ ወንበር ሸልሞ ባወዳደረ ጊዜ መድረኩ የባለሙያዎች ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚው ዳቪድ አብ ኤድመንድ በካርማርዘን 24ቱን የዌልስ ግጥም ምጣኔዎች አጠበቃቸው። በ1567 ደግሞ በንግሥት ኤልሳቤጥ ትእዛዝ በካይርዊስ የተጠራው ጉባኤ ሙያተኛውን ከተንከራታቹ ለይቶ ፈቃድ ሰጠ። የባለሙያዎቹ ማኅበር ሕጉን አጥር አድርጎታል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አጥር የሠራው ማኅበሩ እንጂ ሕጉ አልነበረም። ከ1861 ወዲህ ሥር በሰደደው አይስተድቮድ በተባለው ብሔራዊ ውድድር ገጣሚው ሥራውን የሚልከው በብዕር ስም ነው፤ ዳኞች ትውልዱንም ትምህርቱንም አያዩም። በ1917 በበርከንሄድ የአሸናፊው የብዕር ስም ተጠርቶ መለከት ሲነፋ የሚነሣ ጠፋ። ባለቤቱ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣው እረኛ ኤሊስ ኤቫንስ፣ በቅኔ ስሙ ሄድ ዊን፣ ከሳምንታት በፊት ሐምሌ 31 ቀን ቤልጂየም ውስጥ በጦር ሜዳ ወድቆ ነበር። ሊሸለም የነበረውን ወንበር ጥቁር ጨርቅ አለበሱት። እረኛው እዚያ የደረሰው ሌላውን ሁሉ በለካው በዚያው መስፈሪያ ተለክቶ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለወንበሩ የተጻፉት ረጃጅም ግጥሞች አሰልቺ ነበሩ የሚለውን አልክድም፤ ብዙዎቹ ዛሬ አንባቢ የላቸውም። ነገር ግን በ1902 ቲ. ግዊን ጆንስ ስለ ንጉሥ አርተር ስንብት የገጠመው ግጥም ያንን ድርቀት የሰበረው ከሕጉ ሳይወጣ ነው፤ የታከተው ሕጉ ሳይሆን ገጣሚው ነበር ማለት ነው። ዳኞቹም የሚመጥን ሥራ ሲያጡ ወንበሩን ለማንም ሳይሰጡ ይመለሳሉ፤ ይህ ድፍረት ለውድድሩ ክብር ከሽልማቱ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል።

የበለጠ የሚከብደው ጥያቄ የሴቶች ነው። የብዕር ስሙ ጾታንም ይሰውር ነበር፤ ሆኖም ወንበሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት የወሰደችው በ2001 ነው፣ ሜሬሪድ ሆፕዉድ። ስም መሰወር የሚጠቅመው ሕጉን የመማር ዕድል ላገኘ ብቻ ነው። እሷም በ2004 ከንግሃነድን ዌልሽኛ ለማያውቅ ሰው ሳይቀር ከሥሩ የሚያስረዳ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተመች።