የሰዓት ማሰሪያ፦ የሚመች፣ የማይበጠስ ወይስ የሚያምር?

ሰዓት ገዝታችሁ ወር ሳይሞላው አውልቃችሁ መሳቢያ ውስጥ የከተታችሁ ካላችሁ፣ ጥፋቱ የሰዓቱ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ እጃችን የሚሰለቸው ማሰሪያውን ነው። ላብ ይይዛል፣ ፀጉር ይነጫል፣ ያሳክካል፣ ይከብዳል። ሱቅ ስንገባ ግን ዓይናችን የሚሄደው የሰዓቱ ፊት ላይ ነው፤ ማሰሪያውን ልክ በምርቃት እንደመጣ ነገር እናልፈዋለን።

ዛሬ ማሰሪያውን ብቻ ነጥለን እናያለን። ስማርት ዋች ያሰራችሁም ሁኑ የአባታችሁን የድሮ ሲኮ የወረሳችሁ፣ ጥያቄው ያው ነው። ምቾት፣ ጥራትና ውበት አንድ ማሰሪያ ላይ ተሟልተው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው፤ ሲገኙም ዋጋቸው አይቀመስም። ስለዚህ አንዱን ማስቀደም ግድ ነው። እኛ መጀመሪያ ለእጅ የሚስማማውን፣ ቀጥሎ የማይበጠሰውን፣ መጨረሻ ላይ የሚያምረውን እንድታዩ እንመክራለን። ውበትን ወደ ኋላ ያደረግነው ስለናቅነው አይደለም። ከሦስቱ በቀላሉ መቀየር የምትችሉት እሱን ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ማስመሪያ አምጡ

ማሰሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቁጥር ማወቅ አለባችሁ፦ ማሰሪያው የሚገባበት፣ በሰዓቱ ሁለት ጆሮዎች መካከል ያለው ክፍተት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ። በብዙ ሰዓቶች ላይ 18፣ 20 ወይም 22 ነው። ብዙ ሰው እጅ ላይ የምናየው ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ቀጭን ጥቁር ዲጂታል፣ 18 ሚሊ ሜትር ነው። የሳምሰንግ ጋላክሲ ዋች 4፣ 5 እና 6 ክፍተታቸው 20 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከየትም የተገዛ ባለ 20 ማሰሪያ ይገባባቸዋል።

«2 ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች?» የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውን የጄምስ ቦንድ ፊልም «ጎልድፊንገር»ን ይመልከት። ሾን ኮነሪ እጅ ላይ ያለው ሮሌክስ ሰብማሪነር ከክፍተቱ በጠበበ የጨርቅ ማሰሪያ ታስሮ፣ ፒኑ ግራና ቀኝ ራቁቱን ቀርቶ ይታያል። ስልሳ ዓመት አልፎትም የሰዓት ወዳጆች እስካሁን ይስቁበታል። የጠበበ ማሰሪያ ፒኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል፤ የሰፋው ደግሞ ተጨማዶ ይገባና ጠርዙ ቶሎ ይበላል።

አፕል ዋች የራሱ ቦይ ስላለው የተለመደውን ማሰሪያ ያለ ተጨማሪ ማገናኛ አይቀበልም። ማሰሪያዎቹ በሁለት ይመደባሉ፦ የ38፣ የ40 እና የ41 ሚሊ ሜትሮቹ እርስ በርስ ይዋዋሳሉ፤ የ44፣ የ45 እና የ49ኞቹም እንዲሁ። ወጥመዱ ያለው 42 ላይ ነው። የድሮዎቹ 42 ከትልቆቹ ይመደባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሲሪስ 10 ባለ 42ቱ ግን ከትንንሾቹ ነው። ከዱባይ በሰው የምታስመጡ ከሆነ «42 ነው» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፣ የሞዴሉንም ስም ጨምሩ።

እጃችሁ ሲቀላ

ይሄኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ሽፍታ ሲወጣባቸው ሰዓቱን «ጨረር አለው» ብለው የሚጥሉ ብዙ ናቸው።

ማሰሪያ ያመጣው ሽፍታ ሁሉ አለርጂ አይደለም። በተለይ ሲሊኮን አየር አያሳልፍም። ላቡ፣ የእጅ መታጠቢያው ሳሙናና ቅባቱ ሥሩ ታፍኖ ይቀርና ገላውን ያቆስለዋል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ሰዓቱን ለጥቂት ቀናት አውልቁ፣ ማሰሪያውን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፣ ስትመልሱት አንድ ቀዳዳ አላሉት። በዚህ ከተሻላችሁ ችግሩ እርጥበትና ጥብቀት ነበር ማለት ነው።

ቅላቱ በብረቱ ቅርጽ ልክ ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዘለበቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ወይም የሰዓቱ ጀርባ በሚነካው ክብ ላይ ብቻ የሚወጣ ሽፍታ፣ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ኒኬልን ነው። ርካሽ ጉትቻ ሲያደርጉ ጆሯቸው የሚቆስል ሰዎች ጠላታቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ገላን ለረጅም ጊዜ ከሚነካ ዕቃ የሚወጣው ኒኬል በሳምንት፣ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ በሕግ ገድቧል። ገበያ ላይ የምታገኙት ሁሉ ግን ይህን አሟልቶ የመጣ አይደለም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጥሩ ሰዓቶች የሚሠሩበት 316ኤል የተባለው ስቴንለስ ብረት ውስጥም ኒኬል አለ። ልዩነቱ ብረቱ ኒኬሉን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ወደ ገላ የሚወጣው በጣም ጥቂት ነው። አደገኛው ከላይ በወርቅ ወይም በብር ቀለም የተነከረው ርካሽ ቅይጥ ነው። ቀለሙ ሳይላጥ ምንም አይላችሁም። ሲላጥ ነው ጉዱ የሚመጣው። እጃችሁ ላይ አረንጓዴ ምልክት ከተወ ደግሞ መዳብ ነው፤ በውኃ ይለቃል፣ አይጎዳም፣ ግን ሽፋኑ እንዳለቀ ይነግራችኋል።

ስለዚህ «ሲሊኮን ነው የገዛሁት፣ ብረት የለውም» ከማለታችሁ በፊት ዘለበቱን እዩ። ለጊዜው ቀለም የሌለው ኩቴክስ ዘለበቱ ላይ መቀባት ይረዳል፤ እየተላጠ ስለሚሄድ መደጋገም አለባችሁ። ዘላቂው መፍትሔ ቲታኒየም ወይም ሙሉ የጨርቅ ማሰሪያ ነው። ቲታኒየም ከስቴንለስ ብረት 40 በመቶ ያህል ይቀላል፣ ኒኬል የሚያስቸግራቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ ይስማማቸዋል። ሽፍታው ውኃ ከቋጠረ ወይም ከተስፋፋ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ውድ ስለገዛን አንተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2014 ፊትቢት ፎርስ የተባለው የእጅ መሣሪያ በአሜሪካ ብቻ 1 ሚሊዮን ገደማ ተሰብስቧል፤ ምክንያቱ የተጠቃሚዎች ሽፍታ ነበር። በ2024 መጨረሻ ደግሞ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 22 የሰዓት ማሰሪያዎችን መርምረው፣ ፍሎሮኤላስቶመር ከሚባለው ላስቲክ በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ «የማይጠፋ ኬሚካል» እየተባለ ከሚጠራው ቤተሰብ አንዱን አግኝተዋል። አስገራሚው ነገር ከ30 ዶላር በላይ የሆኑት ከ15 ዶላር በታች ካሉት ይልቅ ብዙ ፍሎሪን ነበራቸው። ዋናው ተመራማሪም ሰው ርካሹን ሲሊኮን ቢመርጥ ይሻላል የሚል ምክር ሰጥተዋል። ጤናን በተመለከተ ዋጋ ሁሌ መለኪያ አይሆንም።

የሚያዘው ትንሿ ፒን ናት

አሁን ወደ ጥራት። ሰው ጥራትን የሚፈልገው ማሰሪያው መካከል ላይ ነው፦ ቆዳው ይወፍራል? ብረቱ ይከብዳል? ሰዓት የሚወድቀው ግን ከመካከል ተበጥሶ አይደለም። ወይ መቆለፊያው ይከፈታል፣ ወይ ማሰሪያውን ከጆሮው ጋ የያዘችው ባለ ሞላ ፒን ታመልጣለች። ከሙሉ ሰዓቱ ርካሿ ዕቃ እሷ ናት፣ የተሸከመችው ግን ሁሉንም ነው። አዲስ ማሰሪያ ስታስገጥሙ ሰዓት ሠሪውን «አዲስ ፒን አድርግልኝ» በሉት። የታጠፈች፣ የዛገች ወይም ስትጫን ቶሎ የማትመለስ ከሆነች ጣሏት። ከተገጠመ በኋላ ማሰሪያውን ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት። የምትወጣ ከሆነ ታክሲ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ሱቁ ውስጥ ትውጣ።

ይሄን ችግር በርካሽ የፈታው የእንግሊዝ ጦር ነው። የመከላከያ ሚኒስቴራቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ለወታደር ሰዓት የሚሆን የናይለን ማሰሪያ መስፈርት አወጣ። ዛሬ ናቶ እየተባለ የሚሸጠው የዚያ ልጅ ነው። አንድ ወጥ ጨርቅ በሁለቱ ፒኖች ሥር ያልፋል፤ ስለዚህ አንዷ ፒን ብትበጠስ ሰዓቱ በሌላኛዋ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው። ጉድለቱ ሰዓቱን ከእጅ ከፍ ያደርገዋል። ስማርት ዋች ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ጨርቁ የልብ ምት የሚለካውን መብራት ይሸፍነዋል።

ብረት ማሰሪያ ላይ ሰንሰለቱን ሳይሆን መቆለፊያውን መጀመሪያ ክፈቱ። እንደ ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥ፣ በጣት ሲጫኑት የሚጎብጥ ከሆነ፣ ሰንሰለቱ ምንም ቢያብለጨልጭ ተዉት። ጎኑ ላይ ማጥበቂያ ቀዳዳዎች መኖራቸውንም እዩ። እጅ በሙቀት ያብጣል። ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ልክ የነበረ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ላይ ያንቃል። አንዲት ፍሬ መቀነስ ወይም መጨመር ብዙ ስለሚሆን፣ እነዚያ ቀዳዳዎች ናቸው ልኩን የሚሰጡት። ፍሬ ስታስወጡ ከውስጥ በኩል ያለውን ቀስት ተመልከቱ፤ ፒኑ የሚገፋው በቀስቱ አቅጣጫ ነው። ከሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ቁጥር ካላወጣችሁ መቆለፊያው ወደ አንድ ጎን ይዞራል።

ጥራትና ምቾት የሚጣሉበትን ቦታ ማየት ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን ሲኮ ኤስኬኤክስ007ን እንውሰድ። ብረት ማሰሪያው ፍሬዎቹ ድፍን አይደሉም፤ ከስስ ብረት ታጥፈው የተሠሩ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ናቸው። ሲንቀጠቀጥ ይንኳኳል። በወረቀት ላይ «ጥራት የለውም» የሚባል ዓይነት ነው። ግን ፍሬዎቹ ትንንሽና ብዙ ስለሆኑ፣ ቀላልም ስለሆነ፣ እጅ ላይ እንደ ጨርቅ ይተኛል፤ ብዙ ባለቤቶቹ በድፍኑ ለመቀየር እምቢ ያሉት ለዚህ ነው። ሮሌክስም እ.ኤ.አ. በ1945 ለዴትጀስት ያወጣው ጁቢሊ የተባለው ማሰሪያ በዚሁ ሐሳብ በአምስት ረድፍ ትንንሽ ፍሬዎች የተሠራ ነው። ዕዳው በኋላ ይመጣል፦ መገጣጠሚያው በበዛ ቁጥር በዓመታት ውስጥ እየተበላ ይላላል። ያገለገለ ሰዓት ስትገዙ በጎኑ አግድም ያዙት፤ ማሰሪያው እንደ ገመድ ወደ ታች ከተንጠለጠለ አልቋል።

ቆዳ፣ አገራችን ያለው ሀብት

«ኦሪጅናል ሌዘር» የሚለውን ቃል አትመኑ። በእንግሊዝኛ «ጀንዩን ሌዘር» ተብሎ የታተመበትም ቢሆን ውስጡ ቆዳ አለ ማለት ብቻ ነው፤ ደረጃውን አይነግርም። ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ ቆዳም በዚያ ስም ይሸጣል። የፒን ቀዳዳው ውስጥና ጠርዙ ላይ ተመልከቱ። ጨርቅ ወይም ክር ከታየ ሰው ሠራሽ ነው። ጎንበስ ስታደርጉት እውነተኛው ቆዳ ያልተስተካከሉ ደቃቅ መስመሮችን ያወጣል፤ ሰው ሠራሹ ላይ ቅርጹ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፤ ከጊዜ በኋላም እንደ ቅርፊት ይላጣል።

እውነቱን ለመናገር ባለሱቅ ያመጣውን የቻይና ማሰሪያ ከምትገዙ፣ ቀበቶና ቦርሳ ለሚሠራ የቆዳ ባለሙያ ብታሠሩ የተሻለ ታገኛላችሁ። የሀገራችን ደጋ በግ ቆዳ ለጓንት በዓለም የታወቀ ነው፤ ስስ ሆኖ ጠንካራ። ለማሰሪያ ግን ብቻውን ይለጠጣል፤ ለውስጥ ገበር አድርጉትና ላይኛው የበሬ ይሁን። ሰፊውን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ፒኗ የምትገባበት እጥፋት በሙጫ ብቻ ሳይሆን በስፌትም ይያዝ።

ቆዳ ምቾቱ ከሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው፣ እጃችሁን ይማራል። ላብና ውኃ ግን ይገድሉታል። ጂም ለሚሄድ፣ ወይም ሙቀት ያለበት አገር ለሚሠራ ዋና ማሰሪያ ሊሆን አይችልም። በየማታው አውልቃችሁ አየር ካገኘ ሽታውም ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

ውበቱስ?

እዚህ ብዙ አንልም፣ ጣዕም የግል ነው። ሦስት ነገር ብቻ፦ ስስ ሰዓት ላይ ወፍራም ማሰሪያ ሰዓቱን ይውጠዋል። ከጆሮው ጋ 20 ሆኖ ዘለበቱ ጋ ወደ 16 ወይም 18 የሚጠብ ማሰሪያ እጅን ያሳምራል፣ ላፕቶፕ ላይም አይጋጭም። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሰንሰለት ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያምራል እንጂ ጭረቱ በሳምንት ይቆጠራል፤ ደብዘዝ ያለው ይሻላል።

በጀታችሁ አንድ ሰዓት ብቻ የሚችል ከሆነ ሁለት ማሰሪያ ያዙለት፦ ለአዘቦት ሲሊኮን ወይም ጨርቅ፣ ለሠርግና ለቢሮ ቆዳ ወይም ብረት። በጣት ጥፍር የሚሳብ ትንሽ ማንሻ ያላቸውን ፒኖች ከገዛችሁ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በደቂቃ ትቀያይራላችሁ። ስትቀይሩ ሰዓቱን ፎጣ ላይ በፊቱ አስተኙት፤ ፒኗ ተስፈንጥራ ምንጣፍ ውስጥ ከገባች አትገኝም።