የተሰወረ ምስል፦ ከእንጦጦ ማዶ ስለ ቴሌቪዥን ጠጋኝነት ሙያ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚወስደውን ጎዳና የያዘ መንገደኛ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ የሱሉልታን ሜዳ ካቋረጠ በኋላ፣ ወደ ደርባና ወደ ሙገር የሚያደርሰው መንገድ ከዋናው ጎዳና በሚገነጠልበት ሥፍራ የጫንጮን ከተማ ያገኛል። ጫንጮ ከርዕሰ ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ ብትሆንም፣ በመካከል የቆመው ተራራ በአየር የሚላክ ምስልን ለሚጠብቅ ሰው ከርቀቱ ይልቅ የከበደ ነገር ነው፤ የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ እንጂ ተራራን ዞሮ የሚመጣ አይደለምና። ስለዚህም ከእንጦጦ ማዶ ምስል ዘወትር ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ነው፤ አንቴናን በረዥም እንጨት ላይ የሚሰቅል፣ ሽቦን የሚፈትሽ፣ የጨለመ መስኮትን ፈትቶ ምክንያቱን የሚመረምር ባለሙያ ያሻዋል። የዚህን ሙያ ታሪክ ባጭሩ ለመተረክ ስነሣ አሳቤ ይህ ነው፦ የምስል ጠጋኝነት ታሪክ የመሣሪያዎች መለዋወጥ ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ የመሣሪያው መግለጫ በየዘመኑ በማን እጅ ይገኝ እንደ ነበር የሚያስረዳ ታሪክ ነው።

በአገራችን የሬዲዮ ድምፅ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ቢሰማም፣ ምስል በአየር መታየት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ በተቋቋመው ጣቢያ ነበር። ሥርጭቱ ጥቁርና ነጭ፣ ተመልካቹም በርዕሰ ከተማውና በአቅራቢያው የተወሰነ ነበር። የዚያን ጊዜው ቴሌቪዥን በእንጨት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ ቫልቭ የተባሉት የመስታወት ቱቦዎቹ ሲሞቁ የሚቀሉ ከባድ መሣሪያ ሲሆን፣ በብዙዎቹ የጀርባ ክዳን ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ቫልቭ በየት ሥፍራ እንደሚቆምና ሽቦው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚያሳይ የታተመ ንድፍ ተለጥፎ ይገኝ ነበር። ጠጋኙ ክዳኑን በፈታ ጊዜ መሣሪያውንና የመሣሪያውን ትርጓሜ በአንድነት ያገኛቸዋል። ድምፅ እየተሰማ ምስል ከጠፋ፣ ከአንቴናው እስከ ድምፅ ማውጫው ያለው መንገድ ደኅና መሆኑን ያውቅና በከንቱ አይደክምበትም፤ ምርመራውን ምስሉ ከድምፁ ከሚለይበት ሥፍራ ይጀምራል። ድምፅም ምስልም ከጠፉ ግን አስቀድሞ ፊውዙን፣ ቀጥሎ የኃይል ማከፋፈያውን ይፈትሻል። የምስልን መንገድ በየክፍሉ ከፍሎ፣ ደኅናውን ከታመመው ለይቶ፣ ጉድለቱን ወደ ጠባብ ሥፍራ ማሳደድ የሙያው የመጀመሪያ ሥርዓት ነበር።

ዘመን ሲለወጥ ቫልቭ በትራንዚስተር ተተካ፤ ከጀርባ ክዳን ላይም ንድፉ እየጠፋ ሄደ። በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ በተከበረበት ዘመን፣ የቀለም ሥርጭት ሲጀመር፣ ገዢው የሚያገኘው ስለ አጠቃቀም የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ እንጂ የውስጡን ምሥጢር የሚገልጥ ወረቀት አልነበረም። ስለዚህ መግለጫው ከወረቀት ወደ ጠጋኙ አእምሮ ተሻገረ። በቴስተርና በመበየጃ የሚተዳደረው ባለሙያ፣ የዚህ ስም ቴሌቪዥን በየትኛው ኮንደንሰር እንደሚደክም፣ የዚያኛው ደግሞ በየትኛው ትራንዚስተር እንደሚቃጠል በልቡ መዝግቦ፣ ከጎኑ ተቀምጦ ዕቃ ለሚያቀብለው ደቀ መዝሙር በቃልና በእጅ ያስተላልፍ ጀመር። ይህ ትምህርት ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል፤ ንድፍ ያልተሰጠው ሰው በትዕግሥት ብዛት ንድፉን ከመሣሪያው ፈልቅቆ አውጥቶታልና። ጉዳቱ ግን መምህሩ ሲሞት ወይም አገር ሲለውጥ የተከማቸው ዕውቀት አብሮት መሄዱ፣ ተከታዩም ከመጀመሪያው ፊደል መጀመሩ ነው።

በዚሁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ በሱሉልታ የተተከለው የሳተላይት የምድር ጣቢያ አገሪቱን ከሰማይ መገናኛ ጋር አያይዟት ነበር። ከሰማይ የሚወርድ ምልክት ተራራን አይፈራም። ይሁን እንጂ ይህ ዕድል ለተራው ተመልካች የተዳረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ብዙው ተማሪ ያወቀውም በ1997 ዓ.ም. ግድም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በተተከለው ፕላዝማ ስክሪን አማካይነት ነበር። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ተልኮ በሰሌዳው አጠገብ በቆመው ስክሪን ላይ ይታይ ነበር፤ ስክሪኑ በጨለመ ጊዜ ሥርጭቱ ክፍሉን ስለማይጠብቅ የዕለቱ ትምህርት ያመልጣል። የምስል መጥፋት የቤተሰብ መዝናኛን ከማጓደል አልፎ ትምህርትን የሚያስቀር ነገር በመሆኑ፣ ዲሹን ከሪሲቨሩ፣ ሪሲቨሩን ከኬብሉ፣ ኬብሉን ከስክሪኑ ለይቶ የሚመረምር ሰው አስፈላጊነት ያን ጊዜ ጎልቶ ታየ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ዲሽ ሲበዛ፣ ሪሲቨር የሚባለው ትንሽ ሣጥን በውስጡ ፕሮሰሰርና ፕሮግራም የያዘ ኮምፒዩተር ሆኖ ገባ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ባለቤታቸው ሳያውቅ ሊኑክስ በተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው።

ሣጥኑን ከስክሪኑ የሚያገናኘው ገመድም ጠባዩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሂታቺ፣ ማትሱሺታ፣ ፊሊፕስ፣ ሲሊኮን ኢሜጅ፣ ሶኒ፣ ቶምሰንና ቶሺባ በአንድነት ያወጡት ኤችዲኤምአይ 19 እግሮች ያሉት መያያዣ ነው። የቀድሞው የምስል ገመድ ተቀባይ ኖረ አልኖረ ምልክቱን ይልክ ነበር። በኤችዲኤምአይ ግን ምስል ከመላኩ በፊት ምልልስ አለ፤ ላኪው በ18ኛው እግር 5 ቮልት ይሰጣል፤ ስክሪኑ መኖሩን በ19ኛው እግር ይመሰክራል፤ ከዚያም ላኪው በ15ኛውና በ16ኛው እግር ኢዲአይዲ የተባለውን ጽሑፍ ያነብባል። ይህ ጽሑፍ መሠረቱ 128 ባይት ሲሆን፣ የስክሪኑን ሠሪና የሚችላቸውን የምስል መጠኖች ይናገራል። ከዚህ ምልልስ አንዱ ቃል ከጎደለ ገመዱና ስክሪኑ ደኅና ሆነው ሳለ ምስል ላይታይ ይችላል።

ዛሬ ሙያው የደረሰበት ደረጃ ከዚህም ይጠልቃል፤ ወጣቱ ባለሙያ የሌላውን መሣሪያ መጠገን ብቻ ሳይሆን የራሱን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነድፎ ሊኑክስን ሊጭንበት ይችላልና። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው ይህ ሥርዓት በተራ ኮምፒዩተር ላይ ሲጫን አብዛኞቹ የውስጥ ክፍሎች ማንነታቸውን ራሳቸው ይነግሩታል። አርም በተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት በሚሠሩ ትናንሽ ቦርዶች ላይ ግን እንዲህ ያለ ነጋሪ የለም። ስለዚህ ቀድሞ የየቦርዱ ዝርዝር ከርነል በተባለው የሊኑክስ እምብርት ኮድ ውስጥ ይጻፍ ነበር፤ ይህም እጅግ እየተከማቸ ቶርቫልድስን እ.ኤ.አ. በ2011 ካስቆጣው ወዲህ፣ ዲቫይስ ትሪ የተባለ ከኮዱ የተለየ መግለጫ ሥርዓት ሆነ። በዚህ መግለጫ ውስጥ ኤችዲኤምአይ መኖሩ፣ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ፣ የስክሪኑን ምስክርነት በየትኛው እግር እንደሚሰማ ሁሉ ተዘርዝሮ ይገኛል። የተጻፈውን ከርነሉ ያምናል፤ ያልተጻፈው ለእርሱ የለም።

አዲስ ቦርድ ኃይል ሲሰጠው መብራቱ በርቶ፣ ስክሪኑ ግን ጨልሞ ቢቀር፣ ባለሙያው በሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ቦርዱን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ የከርነሉን መዝገብ ያነብባል። አስቀድሞ የሚጠይቀው ከርነሉ ኤችዲኤምአይ መኖሩን ያውቅ እንደ ሆነ ነው። በምስል መውጫዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ በመግለጫው ላይ ሳይጻፍ ቀርቷል ወይም እንዲዘጋ ታዝዟል። ስሙ ኖሮ ገመዱ ተሰክቶ ሳለ «አልተገናኘም» የሚል ከሆነ፣ ቴስተሩን በ18ኛውና በ19ኛው እግር ላይ ያሳርፋል። «ተገናኝቷል» ብሎ ኢዲአይዲው ባዶ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ 15ኛውና ወደ 16ኛው መስመር ይሄዳል። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ፣ ሞድቴስት በተባለው ፕሮግራም የቀለም ዓምዶችን በስክሪኑ ላይ ያቆማል፤ እነዚህም በቀድሞው ዘመን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት ከሚያሳዩአቸው ዓምዶች ጋር አንድ ዘር ናቸው። ዓምዶቹ ከታዩ ከፕሮሰሰሩ እስከ መስታወቱ ያለው መንገድ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ በዴስክቶፑ ፕሮግራም ዘንድ ነው፤ ወይ አልተነሣም፣ ወይም ደግሞ ሥዕሉን የሚሥለው ክፍልና ሥዕሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል በአንድ ቺፕ ውስጥ የተለያዩ ስለ ሆኑ የተሳሳተውን መርጧል። ድምፅን ከምስል ለይቶ ይመረምር የነበረው የቫልቭ ዘመን ጠጋኝ ይህን ሥርዓት ቢያይ የራሱ መሆኑን ያውቀው ነበር።

ከጥፋቶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የግልበጣ ጥፋት ነው። ነዳፊው የቺፑ ሠሪ ለናሙና ቦርዱ ያዘጋጀውን መግለጫ ይገለብጣል፤ በራሱ ቦርድ ላይ ግን የ19ኛውን እግር ሽቦ ወደ ሌላ የቺፑ እግር አዛውሮት ይሆናል። ቁም ጸሐፊ ከእናት መጽሐፉ ሲገለብጥ የሌላ ደብር ታቦት ስም ሳያርም ቢያልፍ መጽሐፉ ለባዕድ ደብር እንደሚመሰክር ሁሉ፣ ይህም መግለጫ ለሌላ ቦርድ ይመሰክራል። ከርነሉ ሽቦ በሌለበት እግር ላይ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል፤ ስክሪኑም በሌላው እግር መኖሩን እየመሰከረ ሰሚ ያጣል። ብየዳው የጠራ፣ ገመዱ አዲስ፣ ስክሪኑ ደኅና ሆኖ ሳለ ምስሉ የተሰወረው በአንድ ያልታረመ መስመር ምክንያት ነው፤ መድኃኒቱም የቦርዱን ንድፍ ከመግለጫው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ መስመር በመስመር ማስተያየት ነው።

ጫንጮ ይህን ጉዳይ ከሩቅ የምትሰማ ከተማ አይደለችም። ወደ ደርባና ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ጫፍ ያሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የምድጃቸውን ሙቀት የሚከታተሉት በስክሪን ነው፤ ትምህርት ቤቱ፣ ሱቁ፣ ባንኩም ያለ ስክሪን ሥራ መሥራት እየተሳነው መጥቷል። ይህን ሁሉ የሚጠግነውና ነገ የሚሠራው ወጣት ከአባቶቹ የእጅ ጥበብን ወርሷል፤ የጽሑፍ ልማድን ግን ገና አልወረሰም። እኔ የምመኘው ቦርድ የሚሠራም ሆነ የሚጠግን ሁሉ የትኛው ሽቦ ወደ የትኛው እግር እንደሚሄድ፣ ምን ተበላሽቶ በምን እንደ ተፈወሰ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ጽፎ ከመሣሪያው ጋር እንዲያኖር ነው። በቃል ብቻ የኖረ ዕውቀት ከመምህሩ ጋር ሲያልፍ ይህ ሙያ አንድ ጊዜ ከባድ ዋጋ ከፍሏል። ዛሬ ደግሞ መሣሪያው ራሱ እውነተኛ ጽሑፍ ካልቀረበለት ምስሉን ስለማይሰጥ፣ መጻፍ ከሥራው በኋላ የሚመጣ ትርፍ ነገር መሆኑ ቀርቶ የሥራው የመጀመሪያ ክፍል ሆኗል።