ከድሉ ቀድሞ የወጣው ሜዳሊያ

በ1741 ለንደን ውስጥ አንድ ሜዳሊያ ገበያ ላይ ዋለ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሜዳሊያው ላይ የስፔኑ አዛዥ ብላስ ደ ሌዞ በእንግሊዙ አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን ፊት ተንበርክኮ ይታያል። ዙሪያውን ደግሞ ብሪታኒያውያን ጀግኖች የካርታኼናን ወደብ እንደያዙ የሚያበስር ጽሑፍ አለ።

ሁለት ነገር ግን ልክ አልነበረም። አንደኛ፣ ካርታኼና አልተያዘችም። ሁለተኛ፣ ሌዞ አንድ እግሩን ገና በልጅነቱ፣ በ1704፣ በባሕር ውጊያ ያጣ ሰው ነው። ቀራጮቹ ሁለት እግር ሰጥተው አንበረከኩት።

ለመሆኑ አንድ ታላቅ መንግሥት ያልተገኘ ድል እስከማክበር እንዴት ደረሰ? መልሱ ያለው ከዚያ በፊት በተገኘ እውነተኛ ድል ውስጥ ነው።

ስፔን በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ የሌላ አገር ነጋዴ እንደልቡ እንዲነግድ አትፈቅድም ነበር። የእንግሊዝ ነጋዴዎች ኮንትሮባንድ ያስገባሉ፤ የስፔን የባሕር ጠባቂዎች ደግሞ መርከብ እያስቆሙ ይፈትሻሉ። ሮበርት ጄንኪንስ የተባለ የመርከብ አዛዥ በ1731 በእንዲህ ያለ ፍተሻ ጆሮውን ተቆረጠ። ጉዳዩ ከዓመታት በኋላ የፖለቲካ ማቀጣጠያ ሆነና በ1739 ጦርነት ታወጀ። ታሪክ እስከ ዛሬ «የጄንኪንስ ጆሮ ጦርነት» ይለዋል።

ቨርነን የፓርላማ አባል ሳለ ፖርቶቤሎን በስድስት መርከብ እይዛለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር። ስድስት መርከብ ተሰጠው፤ በዛሬዋ ፓናማ የምትገኘውን ይህችን የብር መጫኛ ወደብ በ1739 መጨረሻ በአንድ ቀን ያህል ውጊያ ያዛት። ለንደን በደስታ ሰከረች። የከተማዋ ዝነኛ የፖርቶቤሎ መንገድ ስሙን ያገኘው ከዚያ ድል ነው።

ከድሉ የተወሰደው ትምህርት ግን የተሳሳተ ነበር። ፖርቶቤሎ የወደቀችው ምሽጎቿ ችላ ተብለው፣ ጠባቂዎቿም ጥቂት ስለነበሩ ነው። ለንደን የተረዳችው የስፔን ወደብ ሁሉ እንዲሁ ይወድቃል ብላ ነው።

ካርታኼና ሌላ ነበረች። በዛሬዋ ኮሎምቢያ የምትገኘው ይህች ከተማ በ1586 በእንግሊዙ ፍራንሲስ ድሬክ ተይዛ ቤዛ ከፍላለች፤ በ1697 ደግሞ ፈረንሳዮች ዘርፈዋታል። የተቃጠለ ሰው እሳት ያውቃል፤ ስፔን ከተማዋን በግንብና በምሽግ አጠረቻት።

በመጋቢት 1741 ቨርነን ወደ 180 የሚጠጉ መርከቦችና ከ20,000 በላይ ሰው ይዞ መጣ። በወገን በኩል የነበሩት ስድስት የጦር መርከቦችና ከሦስት እስከ አራት ሺህ የሚሆኑ ተከላካዮች ናቸው። ሒሳቡ ያለቀለት ይመስል ነበር።

ሌዞ ግን አንድ ነገር ያውቃል። ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ሠራዊት በዚያ ጠረፍ ብዙ ከቆየ ቢጫ ወባ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ማሸነፍ ሳይሆን ማዘግየት በቂ ነው። የቦካቺካ መግቢያን የሚጠብቀው የሳን ሉዊስ ምሽግ ከሁለት ሳምንት በላይ ተከላከለ። ሊወድቅ ሲልም ሌዞ መተላለፊያውን ለመዝጋት የራሱን መርከቦች አሰጠመ።

እንግሊዞች ግን ወደ ውስጠኛው ወደብ ዘልቀው ገቡ። ቨርነን ጉዳዩ ያበቃለት መስሎት የምሥራቹን ወደ ለንደን ላከ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

የቀረው ከተማዋን ከላይ ሆኖ የሚጠብቀው የሳን ፌሊፔ ምሽግ ነበር። የምድር ጦሩን ይመራ ዘንድ የተሾመው ጄኔራል በጉዞ ላይ ሞቶ፣ ቦታውን ቶማስ ዌንትዎርዝ ይዟል። አድሚራሉ ጄኔራሉን «ዘገየህ» ይላል፤ ጄኔራሉ አድሚራሉን «መርከቦችህ አላገዙኝም» ይላል። በዚህ ጭቅጭቅ መሐል ሚያዝያ 20 ሌሊት ጥቃት ተከፈተ። መሰላሎቹ ለግንቡ አጠሩ፤ ጎህ ሲቀድ ወታደሮቹ ግንቡ ሥር ተጋልጠው ቀሩ። 600 ያህል ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ሥራ በሽታ ሠራው። በግንቦት መርከቦቹ ለቀው ሄዱ።

የምሥራቹ ለንደን ሲደርስ የሳን ፌሊፔ ጥቃት ከከሸፈ ሳምንታት አልፈው ነበር። ደወል የተደወለውም፣ ሜዳሊያው የተመታውም ያኔ ነው።

ዋጋውን የከፈሉት ሜዳሊያው ላይ የሌሉ ሰዎች ናቸው። ከሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ብቻ ወደ 3,600 ወጣቶች ለዘመቻው ተመልምለው ነበር፤ አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ከተመለሱት አንዱ ሎረንስ ዋሽንግተን ርስቱን በአዛዡ ስም «ማውንት ቨርነን» አለው። ታናሽ ወንድሙ ጆርጅ፣ በኋላ የአሜሪካ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት፣ የተቀበረው እዚያ ነው። የተሸነፈው አድሚራል ስም እንዲህ ከፍ ብሎ ቀረ።

ያሸነፈውስ? ሌዞ ከንጉሡ እንደራሴ ከሴባስቲያን ደ ኤስላቫ ጋር በመከላከሉ ስልት ተጣልቶ ነበር። እንደራሴው ወደ ማድሪድ ክስ ጻፈበት። ሌዞ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ካርታኼና ውስጥ ሞተ፤ መቃብሩ የት እንደሆነ አይታወቅም። ክብሩ የተመለሰለት ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው።

ሽንፈት መንግሥታትን አንዳንዴ ያስተምራል፤ ካርታኼናን ያጠናከራት ሁለት ጊዜ መዘረፏ ነው። ቀላል ድል ግን ያሞኛል። ለንደን በፖርቶቤሎ የጠላትን ድክመት እንደ ራሷ ብርታት ቆጠረች፤ ቀጥሎ ያለው ግንብ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ሳትለካ መሰላል ላከች።

ሜዳሊያዎቹ ዛሬም በሙዚየሞች አሉ፣ ሌዞም ተንበርክኮ። ሳን ፌሊፔ ምሽግ ግርጌ ደግሞ ሐውልቱ ቆሟል፤ በአንድ እግሩ።