ሃለር ፓርክ

ሃለር ፓርክ በኬንያ ወደብ ከተማ ሞምባሳ አቅራቢያ የሚገኝ፣ ከተራቆተ የድንጋይ ካባ ወደ ደንነት የተለወጠ ሥፍራ ነው። የባምቡሪ ሲሚንቶ ፋብሪካ ለኖራ ድንጋይ ሲል ቦታውን እስከ ከርሰ ምድር ውሃው ጠርዝ ድረስ ቆፍሮ፣ አፈር አልባና ጨዋማ አድርጎት ነበር። ስዊዘርላንዳዊው የግብርና ባለሙያ ሬኔ ሃለር እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. ከሞከራቸው 26 የዛፍ ዓይነቶች የጸደቁት ሦስት ብቻ ናቸው። ከሦስቱ የላቀው ሸውሸዌ ሲሆን፣ በሥሩ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይስቡለታል። ይሁንና መርፌ መሰል ቅጠሉ ረግፎ ይከመራል እንጂ አይበሰብስም ነበር። መፍትሔው የመጣው ከሺ እግር ነው፤ ቅጠሉን እየበላ ወደ ብስባሽ አፈር ለወጠው። የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይህች ትንሽ ፍጥረት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። አፈሩ ሲደልብ የአካባቢው አገር በቀል ዛፎች ተተከሉ፤ ወፎችም ሌሎች ዘሮችን ይዘው መጡ። ሸውሸዌ ግን የቦታው ነባር ዛፍ ባለመሆኑ፣ የተገኘው ደን የቀድሞው ደን ቅጂ ሳይሆን አዲስ ደን ነው። ሃለር ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም የግሎባል 500 ሽልማትን ተቀብሏል።