ካቋረጠበት የሚቀጥል የሒሳብ መኪና

በሌሊት ተቀምጣችሁ ስትጽፉ መብራት ድንገት ቢጠፋባችሁ፥ በወረቀት ላይ የሰፈረው ይተርፋችኋል፤ በአሳባችሁ ብቻ የያዛችሁት ግን ሊጠፋ ይችላል። ኮምፒዩተር የተባለው የሒሳብ መኪናም ዕጣው ይኸው ነው። ሥራው ሲቋረጥበት ካቆመበት እንዲቀጥል ሰዎች እንዴት አድርገው እንዳበጁት አንድ ታሪክ ያስረዳናል።

ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969) ኒል አርምስትሮንግና ባዝ ኦልድሪን «ንስር» በተባለችው መንኰራኵር ወደ ጨረቃ ሲወርዱ፥ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው፥ 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቍጥር ታየ። ለጊዜው የማያስፈልግ አንድ ራዳር የኮምፒዩተሩን ጊዜ ስለ ተሻማበት ሥራ ከዐቅሙ በላይ ተደራረበበት። ስለዚህ የተሰለፈውን ሥራ ሁሉ ጥሎ እንደ አዲስ ተነሣ። ይህም ደጋግሞ ደረሰበት።

ነገር ግን መንኰራኵሪቱ መንገዷን አልሳተችም። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ሊቃውንት ይህን የመሰለ ችግር እንደሚመጣ አስቀድመው አስበው ነበርና። ኮምፒዩተሩ አንዱን የሥራ ደረጃ በጨረሰ ቍጥር የደረሰበትን ይመዘግባል። መዝገቡ ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች የተሠራ ስለ ሆነ፥ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ እንኳ የያዘውን አይለቅም፤ ስፋቱ ግን 2,048 ቃል ብቻ ነበር። መኪናው ሲነሣ መዝገቡን ተመልክቶ፥ ሞተሩን መምራትንና መንገዱን ማስላትን ካቆሙበት ያስቀጥላል፤ የማያጣድፈውን ይተወዋል።

በዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ጥንቃቄ ነበር። አንድ የመደመር ሥራ ሁለት ጊዜ ቢፈጸም፥ ሁለት ጊዜ እንደ ተከፈለ ዕዳ ሒሳቡን ያበላሻል። ስለዚህ አዲሱ ውጤት አስቀድሞ በሌላ ስፍራ ይጻፋል፤ ደረጃው ከተመዘገበ በኋላ ብቻ በአሮጌው ቦታ ይተካል። መተካቱ መካከል ላይ ቢቋረጥም፥ ደግሞ መተካት ጉዳት የለውም።

በምድርም ያሉት ሰዎች እንዲሁ መዝግበው ነበር። ከጉዞው ጥቂት ቀደም ብሎ በሂውስተን በተደረገ ልምምድ፥ የዚህ ዓይነት ቍጥር ታይቶ ጉዞው ያለ በቂ ምክንያት እንዲቋረጥ ተወስኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ወጣቱ መሐንዲስ ጃክ ጋርማን የቍጥሮቹን ትርጕም በእጁ ጽፎ ያዘ። በጭንቁ ሰዓት «ቀጥሉ» የሚለው መልስ የፈጠነው ስለዚህ ነው።

ዛሬም በባንክ ያለውን ሒሳባችሁን ከመብራት መጥፋት የሚጠብቀው ይኸው ሥርዓት ነው፤ አስቀድሞ መዝግቦ፥ ኋላ መፈጸም።